የከርሞ ጨርቅ

እናቴ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቁም ሣጥኗን ከፍታ ነጩን ቀሚሷን አወጣችና ለበሰችው። ከዚያ መስተዋቱ ፊት ሳይሆን እኔ ፊት መጥታ ቆመች። «እይማ» አለችኝ። አየሁ። የትከሻው ስፌት ወደ ክንዷ ወርዷል፤ ብብቱ ተንዘርፍፏል፤ ጫፉ ወለሉን ይጠርጋል። ቀሚሱ የድሮው ነው፤ የተለወጠችው እሷ ናት። የጨጓራ ሕመም ዓመቱን ሙሉ ሲያመላልሳት ከርሟል። አብሬያት ስለምኖር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስትቀንስ ዓይኔ ለምዶት ነበር። ቀሚሱ ግን የዓመቱን በአንድ ጊዜ አሳየኝ።

«ዘንድሮ ጃንሜዳ አልሄድም» አለች፣ ጨርቁን ከግራና ከቀኝ በእጇ ጨብጣ። «ሰው ሲያየኝ ምን ይላል?»

በእኛ ሰፈር «ከሳሽ» ምስጋና አይደለም። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ እጅ ተይዞ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። «ምነው? አመመሽ እንዴ?» ትባያለሽ፤ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፤ አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ሌላዋ ደግሞ እጅሽን ትይዛለች። እማዬ ይህን ስለምታውቅ ከዕድር ለቅሶ በስተቀር ከቤት መውጣት ቀንሳ ነበር። ለለቅሶ ጋቢ ይደረባል፤ ጋቢ ሁሉን ይሸፍናል። ጥምቀት ግን የቀሚስ ቀን ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ልጅ ሆነን እየዘለልን የምንለው ነበር፤ ለእኔ ትርጉሙ አዲስ ልብስ ይገዛልኝ ማለት ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን አባባሉ ከነጥርሱ መጣብኝ። ይህ ቀሚስ ለጥምቀት ካልሆነ ይበጣጠስ?

ቀሚሱ በ2001 ዓ.ም. ለታላቅ እህቴ ሠርግ የተሠራ ነው። ማጉን የፈተለችው አያቴ ናት። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት እያሾረች ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጣ ስትፈትል አስታውሳለሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ብዙው የዛሬ የሀገር ልብስ እንዲሁ ነው። ድር እየተወጠረ ስለሚሠራ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ለስላሳነቱን፣ ያንን ገላ ላይ ሲያርፍ ያለውን ሙቀት የሚሰጠው ግን የእጅ ፈትሉ ማግ ነው። አያቴ ልቃቂቶቿን በዘንቢል ይዛ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ለአንድ የዶርዜ ሸማኔ ሰጠች። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲቀልብ ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር። በእንዲህ ያለ የእጅ ሥራ የጨርቁ ስፋት ሸማኔው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ የሀገር ልብስ ቀሚስ ከመጀመሪያውም የተገጣጠመ ነገር ነው፤ ስፌቱ የሚያርፍበትን ቦታ የወሰነው የሸማኔው ክንድ ነው። አያቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከእጇ የወጣ ነገር ቤታችን ውስጥ የቀረው ይህ ቀሚስና አንድ የተቀደደ ኩታ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊ ነው የወሰድነው። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ትሑትም ነው። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያገላበጠ አየውና «እማማ፣ ብዙ ነው የሰፋዎት። ጎንና ጎኑን እቆርጠዋለሁ፤ ታቹንም ጥለቱን ፈትቼ፣ አሳጥሬ መልሼ እገጥመዋለሁ። አዲስ ነው የሚመስለው» አላት። ልክ ነበር። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር፤ በእጅ የተፈተለ ጨርቅ ትርፉ ሲበዛ ውስጥ ለውስጥ ይጨማደዳልና። እማዬ ግን አመስግና ቀሚሷን አጣጥፋ ያዘች። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ አልተናገረችም። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «ከቆረጠውማ አለቀ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ብወፍርስ?» አለች።

ይህን «ብወፍርስ» ያለችበትን ድምፅ አልረሳውም። ሐኪሙም እኔም እንዲህ ብለን አስበን አናውቅም ነበር። እኛ የምናስበው ከዚህ በላይ እንዳትከሳ ነው። ተመልሶ መወፈር የሚባል ነገር ከሐሳባችን ወጥቷል፤ እሷ ግን ቦታ አስቀምጣለታለች፤ ቦታውም የቀሚሷ ጎን ነው።

ቤት ስንደርስ «እኔ አጠብብልሻለሁ፤ መቀስ አላስጠጋም» አልኳት።

እማዬ ራሷ ልብስ ትሰፋ ነበር። በእግር የሚረገጥ ሲንጀሯ ዛሬም መስኮቱ ሥር አለ፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ላዩ ላይ የቡና ስኒ ነው የሚደረደርበት። ያሳደገችን በሰፈር ልጆች ዩኒፎርም ነው። መስከረም ሲጠባ ቤታችን በሰማያዊና በካኪ ጨርቅ ይሞላል። የእያንዳንዱን ልጅ ቀሚስና ሱሪ ታቹን አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋ ነበር የምትሰፋው። እናቶቹ «ለምን ይሄን ሁሉ?» ሲሏት «ይሄ የከርሞ ነው» ትላቸዋለች። በዓመቱ ልጁ ሲረዝም ይዘውት ይመጣሉ፤ በምላጭ ተርትራ ትለቀዋለች። ከታጠፈው ውስጥ የወጣው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ እላይ ያለው የደበዘዘ። ሁለቴ የተለቀቀ ቀሚስ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። በክፍላችን ልጆች ቀሚስ ላይ መስመሩን እየቆጠርኩ እናቴ ጋ ስንት ዓመት እንደተመላለሱ አውቅ ነበር። ትርፍ ስፌት በቤታችን ሌላ ስም የለውም፤ «የከርሞ» ነው የምንለው።

ስለዚህ ነገሩ የገባኝ ታክሲው ውስጥ ነው። እማዬ የፈለገችው ቀሚሷ ላይ የከርሞ እንዲተውላት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወገብ የሚይዝ፣ ፒንስ (ገላ እንዲይዝ የሚሰፋ እጥፋት) እና ዚፕ ያለው ቀሚስ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አያቶቻችን የለበሱት ቀሚስ ሰፊ ነበር፤ ልክ የሚያደርገው መቀነቱ ነው። እርጉዝ ስትሆን መቀነቷን ላላ ታደርጋለች፤ ስታጠባ፣ ስትጾም፣ ስትታመም ጠበቅ ታደርጋለች። ቀሚሱ ማንንም «ከሳሽ» ብሎ አያሳጣም ነበር። እኔ የዛሬውን አሰፋፍ እወደዋለሁ፤ ግን ልብስን በአንድ ቀን ገላ ላይ ለክቶ መዝጋት የሆነ ነገር አሳጥቶናል ብዬ አምናለሁ። ሰው በአንድ ልክ የሚቆየው ስንት ዓመት ነው?

ሌላም አለ፤ ስሰፋ ሳለሁ የመጣልኝ። በአማርኛ ቀሚስን ማጥበብ እና የቀሚስ ጥበብ አንድ ቃል ይመስላሉ። በግዕዝ ግን ይለያያሉ፤ ጠቢብ የሚሆነው በጠ «ጠበበ» ነው፤ ጠባብ የሚሆነው በጸ «ጸበበ»። አማርኛችን ጸን ወደ ጠ ሲያመጣው ሁለቱ አንድ ቤት ገቡ። እነዚያን ምሽቶች ሁለቱም ቃላት በአንድ መርፌ ሲሰፉ ነበር የሚመስለኝ።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ አጠብነው። ጥጥ ውኃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ የተለካ ልብስ ከታጠበ በኋላ ሌላ ልብስ ነው። ከዚያ በፊት በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጥለቱን ጫን ጫን አድርገን ቀለም እንደማይለቅ አየን። ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ ተሰጣ። ስተኩሰው እማዬ ጥለቱ ላይ ነጠላ እንድጥልበት አደረገችኝ፤ ጥለቱ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ክር ጥጥ አይደለም፤ ትኩስ ካውያ ከነካው ይኮማተራል።

ከዚያ ለካኋት። ሜትሩን በብብቷ ሥር ሳዞር ጎድኗ ጣቴን ነካኝ። እናቴን እንዲህ ቀርቤ ከነካኋት ስንት ጊዜ ሆኖኛል? እናቅፋለን፣ እንሳሳማለን፤ ግን መለካት ሌላ ነው። መለካት ዝም ብሎ መያዝን ይጠይቃል። እስትንፋሷ ሜትሩን ሲገፋውና ሲለቀው ይሰማኛል።

«ስንት ሆንኩ?» አለች።

«86።»

ዝም አለች። «በሠርጉ ጊዜ 104 ነበርኩ» አለች ቀጥሎ። ራሷን ለክታ ለሰፊው የሰጠችው እሷ ናት፤ ልብስ ሰፊ ልኳን አትረሳም።

የቀሚሱ ደረት ዙሪያውን 114 ሆነ። ሐበሻ ቀሚስ ገላ ላይ እንዲጣበቅ አይፈለግም፤ ስትቀመጪም፣ ስትሰግጂም የሚላወስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለደረቷ 8 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተን 94 እንዲሆን ተስማማን። መሄድ ያለበት 20 ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከሁለት ጎን ብቻ ቢወሰድ ብብቱን ያበላሻል፤ የፊቱን ጥለትም ሰፊ፣ ጎኑን ጭራሽ የሌለ ያስመስለዋል። የእማዬ መፍትሔ እንዲህ ነበር፦ 12ቱ ከጎን፣ 8ቱ ከጀርባ። ትከሻው በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ስለነበር ከትከሻው ስፌት ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚወርዱ ሁለት እጥፋቶች አሰበች። እያንዳንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ እጥፍ ስለሆነ 4 ይይዛል። በአንድ ድንጋይ ትከሻውም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጀርባውም ይጠባል። በፊት በኩል እጥፋቱ ከትከሻ አንድ ስንዝር ወርዶ ይለቀቃል፤ ደረት ላይ እንዲላላ። ነጠላ ሲደረብበት ደግሞ ማንም አያየውም።

ምልክት ማድረጊያ ስፈልግ፣ እሷ ድሮ ትጠቀምባት የነበረችውን የቀጠነች የሳሙና ቁራጭ አመጣሁ። «ነጭ ላይ ሳሙና ምን ያሳይሻል?» አለችኝ። ስስ ሰማያዊ ክር አስመጥታ «በረጅሙ ወስውሺ» አለች፤ ውስውስ በኋላ የሚመዘዝ ጊዜያዊ ስፌት ነው። ቀይ ክር አልፈቀደችም፤ ሲመዘዝ ጭረቱ ነጩ ውስጥ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ምሽት ሁሉንም ወስውሼ አለበስኳት። ዚፑ አልዘጋ አለ። ብስበው አይመጣም። እማዬ ትንፋሿን ሰብስባ ብትይዝም አልሆነም። ልቤ ደነገጠ፤ አወልቄ ለካሁት፤ 82 ሆኗል። ያጠፋሁት ነገር ግልጽ ነው፤ ከየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር መውጣት ስላለበት ከድሮው ስፌት 6 ገብቼ ወስውሻለሁ። እማዬ አልጋው ላይ ተቀምጣ የጎኑን ስፌት በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችኝ። «ጨርቁ እጥፍ ነው፤ ፊትና ኋላ። በሁለቱ ጎን አንድ አንድ ጣት ከያዝሽ አራት ጣት ነው የሚሄደው። የሚወጣውን ሁልጊዜ ለአራት ነው የምታካፍዪው።» 12 ለአራት 3 ነው። ሰማያዊውን ክር መዘዝኩና ሦስት ሴንቲ ሜትር ገብቼ እንደገና ጀመርኩ። በውስውስ ስለነበር ጨርቁ ላይ ምንም አልቀረም። ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

የሚያስቸግረው ብብት ነው። ጎንና እጅጌ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ስፌቱ ይጠመዘዛል፤ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ደግሞ ይሸበሸባል፣ ይይዛል፣ ክንድ አላነሳ ይላል። ሰፊዎች እዚያ ላይ በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ ይላላል። የእኛ ግን አይቆረጥም ብለናል። ብዙ ካሰብን በኋላ የእጅጌውን የታችኛ ግማሽ ከቀሚሱ ላይ ፈታነው። ጎኑን ለብቻው አጠበብኩ፤ እጅጌውንም ለብቻው ከብብት እስከ ክርን እየቀነሰ በሚሄድ መስመር አጠበብኩ፤ ትርፋቸውን ጠፍጣፋ አድርጌ ተኩሼ መልሼ ገጠምኳቸው። ሁለት ምሽት ፈጀ። ሰው ቢከፍለኝ ይህን ያህል አልደክምም።

መፍታት ራሱ ሙያ መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው። እኔ ምላጩን በሁለቱ ጨርቆች መሃል አስገብቼ ልጎትት ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዴ ከተነካ ይተረተራል። በአንደኛው ፊት በየሦስት ስፌቱ አንዱን ክር ብቻ ትቆርጫለሽ፤ ከዚያ በሌላው ፊት ያለውን ክር ጫፉን ይዘሽ ስትስቢው እንደ ውኃ ይወርዳል። በሲንጀሩ ስሰፋም ስፌቱን ረዘም፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አድርጌ፣ ክሩንም ወፍራም ናይለን ሳይሆን ስስ የጥጥ ክር አደረግሁ። «ክሩ ከጨርቁ መበርታት የለበትም» ትላለች እማዬ። ድንገት ቢጎተት የሚበጠሰው ክሩ ይሁን፤ ክር ይተካል።

ቁመቱ ቀላል ነበር። እማዬ በቁመትም ቀንሳለች፤ 5 ሴንቲ ሜትር። የፊቱ ጥለት ከአንገት ወርዶ ወገብ ጋ በመስቀል ስለሚያልቅ ከዚያ በታች እስከ ታችኛው ጥለት ድረስ ነጭ ሜዳ ነው። ከታችኛው ጥለት አናት ላይ፣ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ዙሪያውን አጠፍኩና ሰፋሁት። ጥለቱ ራሱ ሸፈነው።

የጥር 9 ማታ አለቀ። ለበሰችው። ስፌቱ ትከሻዋ አጥንት ላይ ዐረፈ። ክንዷን ወደ ላይ አነሳች፣ እልል እንደሚል ሰው፤ ቀሚሱ ተከተላት እንጂ አልያዛትም። መስተዋት አላየችም። ጎኗን ዳብሳ፣ ከውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ በጣቶቿ መሃል አድርጋ ውፍረቱን እየለካች «አለ» አለች። «እዚሁ አለ።»

በማግስቱ ከተራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ከስድስት ኪሎ በላይ ካለው መንገድ ዳር ቆመን ተቀበልን። ብዙ ሰው አገኘን። «ከሳሽ» ያላት አልጠፋም፤ ፊቷን አይቶ የሚጠይቅ ሁሌም አለ። ግን ድምፁን ዝቅ ያደረገ አልነበረም። አንዲት የዕድራችን ሴትዮ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አይታ «አዲስ አሠራሽ እንዴ?» ስትላት እማዬ «የእናቴ ፈትል ነው፤ ልጄ ነች ልክ ያደረገችልኝ» አለች። በጥምቀቱ ዕለትም ከንጋቱ ጀምራ ቆመች፤ ጠበል ሲረጭ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች፤ ቀሚሷ ረጠበ። እኔ ስለ ጥለቱ ስጨነቅ እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ክረምቱ ደረሰ። ለሰኔ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቀሚሱን አወጣች። እኔ ማድ ቤት ነበርኩ፤ ጠራችኝ። ዚፑ ተዘግቷል፤ ግን ክንዷን ዘርግታ ቆማ «ብብቱ ያዘኝ» አለች።

ከጥምቀት በኋላ ጎረቤት አጥባልን ፀሐይ ላይ አስጥታው ነበር። ጨርቁ ተሰብስቦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። ሜትሩን ከሲንጀሩ መሳቢያ አመጣሁና በብብቷ ሥር አዞርኩት። ሁለት ጊዜ ለካኋት።

«ስንት?» አለች።

«89።»

ዝም አለች። ከዚያ ጀርባዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችልኝ። «ጎኑን አሁን አትንኪው» አለች። «ብብቱን ብቻ ፍቺልኝ፤ አንድ ጣት።»

የቡና ስኒዎቹን ከሲንጀሩ ላይ አነሳሁና ምላጩን መፈለግ ጀመርኩ።